ያደረ ውሃ

የሚኒባሱ ረዳት ድንኳኑን ሲያይ ደነገጠ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ እንደያዘ የግቢው በር ላይ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። ከአዲስ አበባ አሰላ ሲመላለስ የሚውል ልጅ ነው፤ እቃ አድርስ እንጂ ለቅሶ ድረስ ያለው ሰው አልነበረም።

ሀሴት ከሴቶቹ መሀል ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እግሯ ደንዝዟል።

«የአቶ ግዛቸው ቤት ይሄ ነው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ነው።»

«እቃ ነበረው። ብደውል ብደውል ስልኩ አይነሳም።» ድንኳኑን መልሶ አየው። «እሱ ነው እንዴ?»

«አባቴ ነው» አለች ሀሴት።

ልጁ ያጽናችሁ አለ፣ አልሰማሁም ነበር አለ፣ ደግሞ ያጽናችሁ አለ። ከዚያ ጥቅሉን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቀበላትና እንዳታናውጪው፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው ተብያለሁ ብሎ ሄደ።

ጋዜጣውን ገለጥ አድርጋ አየች። ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ውስጡ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ቀያይ ነገሮች አሉ፤ ፀጉር የመሰለ እግራቸውን እያርገፈገፉ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ይላሉ። አባቷ ያዘዛቸው ሽሪምፖች መጡ ማለት ነው። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

አቶ ግዛቸው የሒሳብ መምህር ነበር። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ አሰላ የተመደበው ሀሴት ሳትወለድ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ከተማ አልተነቃነቀም። አምና ልቡ ሲታመም ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሳ፣ ዳገት እንዳይወጣ፣ ማረፍ እንዳለበት ነገረው። አሰላ ውስጥ ዳገት አትውጣ ማለት ከቤት አትውጣ ማለት ነው። ሁለት ሰፈር በእግሩ አቋርጦ የሚያስተምር ሰውዬ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ይውል ጀመር፤ ጠባዩም ተበላሸ። አንድ ቀን ግን ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቶ ፊቱ በርቶ ብድግ አለና ሽሪምፕ እናርባ አለ።

ወይዘሮ ወለላ፣ የሀሴት እናት፣ ለመብል መስሏት «ማን ሊበላው?» አለችው።

«የሚበላ አይደለም፤ ለማየት ነው።»

«ለማየትማ እኔስ አለሁ አይደል?» አለች። ሁሉም ሳቁ፤ በዚያ ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሳቅ ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ዓሣ ለምን አይሆንም ቢባል ዓሣ ቪላ ይፈልጋል አለ። ሽሪምፕ ግን እንደ እኛ ኪራይ ቤት ይበቃዋል፣ የአሰላንም ብርድ አይፈራም። የሚኖሩበትን የመስታወት ሣጥን፣ ከመስታወት ቤት ለመስኮት ተቆርጦ የተረፈውን ለቃቅሞ፣ በሲሊኮን አጣብቆ ራሱ ሠራው። የመጀመሪያ ቀን ውሃ ሲሞላበት አፍስሶ ምንጣፉን አበሰበሰና ወይዘሮ ወለላ ቀኑን ሙሉ አኮረፈች። ውሃው የሚጣራበት ስፖንጅ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ነው። ጠጠሩን የሀሴት ታናሽ ወንድም ሌዊ ከወንዝ አመጣ፤ አንዱ ድንጋይ ላይ አረንጓዴ ነገር ተጣብቆበት ነበርና አባቱ ወርቅ ያገኘ ያህል ተደሰተ። ደህና ገንዘብ የወጣባት ነገር አየር የምትነፋዋ ትንሽ ሞተር ብቻ ናት።

ከዚያ በኋላ ግን ምንም የለም። ከወር በላይ ውሃ ብቻ! ሌዊ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት በመጣ ቁጥር ቦርሳውን ሳይጥል ሽሪምፑስ እያለ ይጮሃል። አባቱም ሳይሰለች አንድ ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። «ቤት ሳይሰናዳ እንግዳ አይጠራም። እዚህ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች አሉ፤ ቆሻሻውን እየበሉ ውሃውን የሚያጠሩት እነሱ ናቸው። እነሱ ስፖንጁ ላይ እስኪበዙ እንጠብቃለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

የቧንቧ ውሃ መድኃኒት መድኃኒት ስለሚሸት ደግሞ በቀጥታ አይገባም። ባልዲ ላይ ይቀዳና ክዳኑን ከፍቶ ሁለት ሌሊት ያሳድረዋል። አከራያቸው እትዬ ወርቅቱ፣ እዚያው ግቢ ከፊት ለፊት ያሉት፣ ሱቃቸውን ከፍተው ባልዲውን በረንዳ ላይ ባዩት ቁጥር «ግዛቸው፣ ውሃም እንደ እንግዳ ያድራል እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም እስኪያስለው ይስቃል። መብራት ሲሄድ ሞተሯ ስለምትቆም በብርጭቆ ውሃውን እየቀዳ ከላይ ያፈስ ነበር፤ አየር እንዲያገኝ ነው። ማን? ማንም ሳይኖርበት!

ማታ ማታ ዱካ ስቦ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ሀሴት አንድ ቀን ምኑን ነው የምታየው ብላ ጠየቀችው። «ውሃውን» አላት። «ነይ እስቲ ቁጭ በይ።» ቁጭ አለች። የሚታይ ነገር የለም፤ ጠጠር ነው፣ አረፋ ነው፣ አረንጓዴ ነገር ነው። ስልኳ ሲንጫረር ተነሳች። አባቷ ከኋላዋ «ሲመጡ ግን የምታስገቢያቸው አንቺ ነሽ» አላት። እሺ አለች፣ ለአፏ ያህል። ቀጥሎ ባለው ሳምንት አዲስ አበባ የሚያረባ ሰው አግኝቶ እንዲልክለት ተስማማ። እሁድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ ልቡ ቆመ።

ሀሴት ጠርሙሱን አቅፋ ወደ ሳሎን ገባች። ሳሎኑ ባዶ ነው። የእድር ሰዎች ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ጠረጴዛውን ሁሉ አውጥተው አግዳሚ ደርድረውበታል። መስታወቱ የነበረበት ማዕዘን ላይ ሁለት የማታውቃቸው ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ጓዳ አየች፤ የለም። በረንዳ ላይ አየች፤ የለም። ድንኳን ውስጥ፣ ሻይ የሚቀዳበት ጥግ ላይ አገኘችው።

ዳቦ ሞልቶበታል። የተቆራረሰ ዳቦ እስከ አፉ ድረስ ተደርድሮ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ነጭ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። መስታወቱ ከመጽዳቱ የተነሳ ያንጸባርቃል። አንዲት ሴት ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ሳህን ላይ ዳቦ አነሳችና ለለቀስተኛ ወሰደች።

እትዬ ወርቅቱ ጀበናውን ትተው በትልቁ ማንቆርቆሪያ ሻይ ሲቀዱ አዩዋት። «ነይ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዳቦ ቅመሺ። እህል ሳትቀምሺ እኮ ነው የዋልሽው» አሉ። ዓይኗ የት እንዳለ ሲያዩ ጊዜ ደግሞ ደስ አላቸው። «አየሽ እንዴት እንደጠራ? ውሃው ተበላሽቶ፣ አረንጓዴ ለብሶ፣ ሰው ያየዋል ብዬ አፈርኩ። በበረኪና ፈትጌ ፈትጌ! ለዳቦ ማቅረቢያም እቃ ጠፍቶ ነበር። ስፖንጁም ጥሩ ስፖንጅ ነው፣ ብርጭቆውን ሁሉ አጠብንበት።»

ሀሴት አፏን ከፈተች። ማን ንኪ አለሽ የሚለው ነገር ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለትልቅ ሰው፣ ያውም በአንቺ። የአባቷን ሠራተኞች፣ ከወር በላይ ቁጭ ብሎ የጠበቃቸውን፣ በአንድ ቀን ጠራርገው አወጧቸው። ግን ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሻይ ይጠጣል፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መዝሙር ጀምረዋል፣ እናቷ ጥግ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ከሰዓት የክፍሏ ልጆች ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ሀሴት ጓደኛዋን ሄኒን እጇን ይዛ ጓዳ አስገባቻትና ጠርሙሱን አሳየቻት፤ የዳቦውንም ነገር ነገረቻት።

«ሂጂና ንገሪያት» አለች ሄኒ። «ንገሪያት ይውጣልሽ። ሰው የሰው እቃ ሳይጠይቅ ያጥባል እንዴ? በጣም ነው ያበዛችው።»

«ኋላ» አለች ሀሴት። «መጀመሪያ እነዚህ ውሃ ይፈልጋሉ።»

ያደረ ውሃ ያለበት ባልዲ የለም፤ የነበረው ለሻይ ተፈልቷል። የቧንቧው ሽታ ያፍናል። ሳፋው፣ ድስቱ፣ ባልዲው ሁሉ ሳሙና ነክቶታል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳሙና ያልነካው እቃ ከየት ይመጣል? መላ የመታችው ሄኒ ናት። ለቀስተኛ ካመጣው የታሸገ ውሃ አንዱን ትልቅ ጠርሙስ አንስታ አንገቱን በቢላ ቆረጠችው። ሌዊ ሞተሯን ከአልጋ ስር ፈልጎ አመጣ። ስፖንጅ የላትም፤ ቢሆንም አረፋ ማውጣቷ አልቀረም።

ሀሴት ሽሪምፖቹ የመጡበትን ጠርሙስ አዘንብላ ቀስ ብላ አስገባቻቸው። የምታስገቢያቸው አንቺ ነሽ ብሏት ነበር፤ አስገባቻቸው። ቀያዮቹ ነገሮች ባዶው ታች ላይ ወረዱና ግራ እንደገባው ሰው ቆሙ። የሚይዙት ጠጠር የለም፣ የሚለቅሙት አረንጓዴ የለም። ከእሁድ ጀምሮ ሰው እያየ አልቅሺ ሲሏት እንባዋ እሺ አላለም ነበር። አሁን ግን ጓዳ ውስጥ፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሄኒ አጠገቧ ተቀመጠች። ሌዊም አብሯቸው አለቀሰ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ነጥተው ተገኙ። ሽሪምፕ ሲሞት ቀለሙ ይሄዳል፤ የተቀቀለ ይመስላል። ሀሴት በሻይ ማንኪያ አወጣቻቸውና ውሃውን በሌላ የታሸገ ውሃ ለወጠችው። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ሦስት ሞቱ። ሌዊ ልባቸውን ነው ወይ ያመማቸው ብሎ ጠየቃት። አይደለም አለችው። ታዲያ ምንድን ነው ሲላት ውሃው ገና ጥሬ ነው አለችው፤ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘችም።

እናቷ አንድ ጊዜ ወደ ጓዳ ገባች። ማን እንደነገራት አይታወቅም። ጎንበስ ብላ የተቆረጠውን ጠርሙስ ብዙ አየችው።

«እነዚህ ናቸው?» አለች።

«እነሱ ናቸው እማዬ።»

«ለማየት ነው ብሎኝ ነበር» አለች ወይዘሮ ወለላ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወጣች።

ሁለት ብቻ ሲቀሩ እትዬ ወርቅቱ ድስት ፍለጋ ጓዳ መጡ። ሄኒም ከትምህርት ቤት ደብተር ይዛላት መጥታ እዚያው ነበረች። እትዬ ወርቅቱ ድስቱን ሊያነሱ ሲሉ ጠርሙሱን አዩት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቀረብ አሉ።

«ምንድን ናቸው?»

«የአባዬ ሽሪምፖች ናቸው። እሱ ያዘዛቸው። ከቀብሩ በኋላ ደረሱ።»

«ብዙ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«ታዲያ ለምን ሞቱ?» አሉ እትዬ ወርቅቱ።

ሄኒ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። በይ እንጂ ማለቷ ነው። ሀሴትም ልትል ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሆዷ ስትደረድረው የሰነበተችው ነገር ነው፤ በረኪናውም፣ ስፖንጁም፣ ዳቦውም በቅደም ተከተል አለ። ቀና ስትል የእትዬ ወርቅቱን እጅ አየች። ጣቶቻቸው በበረኪና ተልጠው ነጥተዋል፣ አውራ ጣታቸው ተሰንጥቆ በጨርቅ ታስሯል። እሁድ ጠዋት እናቷ ስትጮህ ነጠላ ሳይደርቡ ሮጠው የመጡት እኚህ ሴት ናቸው። ሱቃቸው ከዚያ ቀን ወዲህ አልተከፈተም።

«መንገድ ነው የጎዳቸው፣ እትዬ» አለች። «ከአዲስ አበባ ድረስ ተንገላተው።»

እትዬ ወርቅቱ ሞተሯን አዩ። ቱቦዋን አዩ። ራቁቱን የቀረውን የፕላስቲክ ታች አዩ። ከዚያ በጓዳው በር በኩል ወደ ድንኳኑ፣ ዳቦው ወዳለበት ጥግ አዩ። «እህ» አሉና ድስቱን አንስተው ወጡ።

«ዋሸሽ» አለች ሄኒ።

«አዎ።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ» አለች ሀሴት። የእውነቷን ነው፤ ለምን እንደሆነ አላወቀችም።

የመጨረሻው ሽሪምፕ ድንኳኑ በተነሳ ዕለት ሞተ። ሌዊ በረንዳው ስር ካለችው ጽጌረዳ አጠገብ በማንኪያ ቆፍሮ ቀበረውና ድንጋይ አስቀመጠበት። ሶፋው ተመለሰ፣ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። መስታወቱም ፍርፋሪው ተራግፎ፣ ተወልውሎ መጣ። ወይዘሮ ወለላ ዓይኔ አይየው፣ ጓዳ ይግባ አለች። ሀሴትም ጓዳ አስገባችው። ሰው ከተለየው ቤት በላይ ፀጥ ያለ ነገር የለም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያስፈራው ለቅሶው ይመስላት ነበር፤ ለካ ለቅሶው ሲያልቅ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ወርቅቱ ናቸው። በአንድ እጃቸው በትሪ የተከደነ ባልዲ፣ በሌላው የሚያንጠባጥብ ፌስታል ይዘዋል። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ባልዲውን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው እስትንፋሳቸውን ሰበሰቡ።

«ሁለት ሌሊት አድሯል» አሉ። «ትሪውን ለአቧራው አሁን ነው የከደንኩበት፤ ሌሊት ክፍት ነበር። ባልዲው አዲስ ነው፣ ሳሙና አልነካሁትም።»

ሀሴት ባልዲውን አየች። ፌስታሉን ከፈት አድርገው አሳዩዋት፤ ከወንዝ የወጣ፣ አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ ነው። በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ወንዝ ድረስ ወርደው ነበር።

«መንገድ ነው የጎዳቸው አልሽኝ» አሉ እትዬ ወርቅቱ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሺ። እንዳልሽ ይሁን።» የታሰረውን አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጨበጡት። «ውሃ ሲያሳድር እያየሁ እስቅበት ነበር እኮ። በየቀኑ። ለምን ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም።»

«እሱም ይስቅ ነበር» አለች ሀሴት። «እርስዎ ሲቀልዱበት ደስ ይለዋል።»

ወይዘሮ ወለላ ከመኝታ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ሀሴት እናቷን አየቻት፣ ባልዲውንም አየችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ መስታወቱን አቅፋ ወጣች። ከባድ ነው፤ ሆዷ ላይ አስደግፋ ነው የያዘችው። እናቷ ማዕዘኑ ላይ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈውን ዳንቴል ገፈፈችና አጥፋ ያዘችው።

በንጹሕ ውሃ ደጋግመው አለቀለቁት፤ ሀሴት የበረኪናው ሽታ እንደጠፋ አፍንጫዋን አስገብታ አረጋገጠች። መስታወቱ ሲታጠብ የተደፋውን ጠጠር ሌዊ ከአበባው ስር ለቃቀመ፤ ጽጌረዳዋ አጠገብ ያለችውን ግን አልነካትም። ከፍራሹ ሌላ ስፖንጅ ተቆረጠ። ውሃውን እትዬ ወርቅቱ ባልዲውን ይዘው፣ ሀሴት በብርጭቆ እየቀዳች ቀስ ብለው ሞሉት። አረንጓዴው ድንጋይ ገባ። ሞተሯ ሰካ ስትደረግ አረፋው ከታች ተነስቶ ላይ መድረስ ጀመረ። እትዬ ወርቅቱ መቼ ነው ሽሪምፑ የሚገባው ብለው ጠየቁ። ሀሴት ከወር በኋላ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ አለቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዚህ ጊዜ አልቀለዱም።

ማታ ሀሴት የአባቷን ዱካ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ስልኳ ሶፋው ላይ አንድ ሁለቴ ተንጫረረ፤ አላነሳችውም።

ሌዊ መጥቶ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። በጠጠሩ መሀል ፈለገ፣ ከድንጋዩ ጀርባ ፈለገ። «ምንም የለበትም እኮ» አላት። «ምኑን ነው የምታዪው?»

«ውሃውን» አለችው ሀሴት፤ ጠጋ ብላም ዱካው ላይ ቦታ ለቀቀችለት።